ስልኩን ከእጃቸው አትውሰዱ፦ ታላላቆቻችንን የስልክ አገልግሎት ለማስለመድ

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለፈው ዓመት የዕድር ብር በቴሌብር ለመላክ ብለው ስልካቸውን ከነሚስጥር ቁጥሩ ለአንድ የሰፈር ልጅ ሰጡት። ልጁ የዕድሩን ላከላቸው። አስከትሎ ደግሞ 1,800 ብር ወደ ሌላ ቁጥር አሻገረ። መልእክቱ ስልካቸው ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር፣ እሳቸው ግን አላዩትም። የታወቀው ከሳምንት በኋላ ነው፣ ያውም እኔ ካርድ ልሞላላቸው ስልኩን ስከፍት።

ያን ቀን ልጁን ብቻ ሳይሆን ራሴንም ወቀስኩ። ስልካቸውን ለሰው መስጠት ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ "ያምጡት እኔ ላድርግልዎት" እያልኩ ስቀበላቸው ነው የኖርኩት። ለእኔ ቶሎ ያልቅልኛል፣ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። እሳቸው ግን ምንም ሳያዩ ይቀራሉ። እኔ በሌለሁበት ደግሞ ቀጥሎ ለተገኘው ሰው ይሰጡታል።

ከዚያ ወዲህ እቴቴንና ሦስት ጎረቤቶቻቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡና በኋላ እያስለመድኩ ነው። የሠራውንም ያልሠራውንም እጽፍላችኋለሁ። እናት፣ አባት፣ አክስት፣ አያት ያላችሁ ሞክሩት። ዋናው ነገር አንድ ነው፤ ስልኩ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ጣታችሁን ስክሪኑ ላይ እንኳ አታሳርፉ። እጃችሁን አጣምራችሁ በአፋችሁ ብቻ አስረዱ። ከባድ ነው፣ በተለይ ሲዘገዩ እጅ ራሱ ይዘረጋል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን የቡና ስኒ በሁለት እጄ ይዤ ነበር የምቀመጠው።

ለምን አሁን?

ድሮ ጉዳይ ማለት እግር ማለት ነበር። መብራት ለመክፈል ሰልፍ፣ ውሃ ለመክፈል ሰልፍ፣ ቀበሌ ሰልፍ። ሰልፍ ደግሞ ቢያንስ ሁሉም የሚችለው ነገር ነው። አሁን ጉዳዩ ወደ ስልክ ገብቷል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር ለካርድ መሙያ ብቻ የመሰለን ብዙ ነበርን። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ብቻ ሆነ። አዲስ የባንክ ሂሳብ ልክፈት ካላችሁም ፋይዳ የሚባለውን ዲጂታል መታወቂያ ትጠየቃላችሁ።

ለእቴቴ ግን ነገሩን የቀየረው ባንክም ነዳጅም አይደለም። ዕድር ነው። የፒያሳና የካዛንቺስ ነባር ሰፈሮች ለልማት ሲነሱ የድሮ ጎረቤቶቻቸው በከተማው ዳር ዳር ተበተኑ። ዕድሩ ግን አልፈረሰም። ወርሃዊው መዋጮ በቴሌብር ይገባል፣ የሞት መርዶው በቴሌግራም ግሩፕ ይነገራል። ስልክ የማይከፍት ሰው ለቅሶ ያመልጠዋል። በእሳቸው ዕድሜ ለቅሶ መቅረት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

እና መጀመሪያ የምትሰሙት ቃል "እኔ አሮጊቷ፣ ይሄ አይገባኝም" ነው። ዝም ብላችሁ "ይገባዎታል" አትበሏቸው፤ ማስረጃ አቅርቡ። እቴቴ ፊደል የቆጠሩት በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያኔ ሃያ ዓመታቸው ነበር፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን አዝለው ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ በጧፍ ሳይሆን በአምፖል ብርሃን ማታ ማታ ነው የተማሩት፣ ይሄንን በኩራት ነው የሚያወሩት። "ሀሁን ልጅ አዝለው የቆጠሩ ሰው፣ ይሄ ያቅትዎታል?" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። የእናንተም እናት እንዲህ ያለ ነገር አላት። ልብስ ስፌት ሊሆን ይችላል፣ የጉልት ንግድ፣ የአርባ ዓመት የዕቁብ ሂሳብ በጭንቅላት መያዝ። እሱን ፈልጉና ከእሱ ጀምሩ።

ስልኩን ማዘጋጀት

ከሁሉ በፊት መነጽር። የእውነቴን ነው። ከአራቱ እናቶች ሁለቱ "አልችልም" ሲሉ የነበረው ጽሑፉ ስለማይታያቸው ነው፣ ግን እንዲያ ብለው አልተናገሩም። የማንበቢያ መነጽር ከሌላቸው ትምህርቱን አቁሙና ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዷቸው። ከዚያ የፊደሉን መጠን በሴቲንግ ትልቁ ላይ አድርጉ። የስክሪኑን ብርሃን ጨምሩ። ፊት ለፊት ያለውን ገጽ አጽዱና አምስት ነገር ብቻ ይቅር፦ ስልክ መደወያ፣ መልእክት፣ ቴሌግራም ወይም ኢሞ፣ ቴሌብር፣ ካሜራ። የአማርኛ ኪቦርድ ጫኑ። ቴሌብርን በአማርኛ አድርጉት። የስልኩን ቋንቋ በሙሉ ወደ አማርኛ መቀየር ግን እንደ ሰዉ ነው። እቴቴ ወደዱት፣ አንዷ ጎረቤታቸው ግን "ይሄ አማርኛ የማን ነው?" ብለው አስመልሰውኛል።

ሲም ካርዱ በማን ስም እንደወጣ አጣሩ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ብዙ መዘዝ አለው። ብዙ እናቶች የያዙት ሲም ልጃቸው በራሱ ስም ያወጣላቸው ነው፣ ልጁ ደግሞ ዛሬ ዱባይ ነው። ስልኩ የጠፋ ቀን ቁጥሩን መልሶ ማውጣት መከራ ነው። መታወቂያቸውን ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱና በራሳቸው ስም ይሁን።

ባለ ቁልፍ ስልክ ላላቸው እናቶች ስማርት ስልክ ግዙ ብላችሁ አታስጨንቋቸው። ቴሌብር በ*127# ይሠራል፣ የንግድ ባንክም በ*889#። ኢንተርኔት አይፈልግም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ቁጥር መርጦ መላኩ ይቀላቸዋል።

በብር አትጀምሩ

እኔ መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ቅዳሜ በቀጥታ ወደ ገንዘብ መላክ ገባሁ፣ ሁሉም ፈሩ፣ አንዷ እናት ጭራሽ ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ዚፑን ዘጉት። በሁለተኛው ቅዳሜ የድምፅ መልእክት አስለመድኳቸው። ማይክራፎኗን ተጭኖ መያዝ፣ መናገር፣ መልቀቅ። በቃ። እቴቴ ቤይሩት ላለችው ልጃቸው "ደህና ነሽ ወይ፣ ቡና እየጠጣን ነው" ብለው ላኩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የልጅቷ ድምፅ መጣ። ከዚያ በኋላ ማስተማር አላስፈለገኝም፣ እሳቸው ናቸው የሚጠይቁኝ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወዱትን ነገር ፈልጉ። የልጅ ልጅ ፎቶ ማየት፣ መዝሙር ወይም መንዙማ መክፈት፣ የጓደኛን ድምፅ መስማት። ጣታቸው ስክሪኑን ካልፈራ ሌላው ይመጣል።

ሌላ ያየሁት ነገር፣ በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያዝ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። በሚቀጥለው ሳምንት ረስተው ይመጣሉ፣ አትደንግጡ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። እቴቴ መልእክት መክፈትን አራት ቅዳሜ ነው የፈጀባቸው። ደረጃውን በራሳቸው እጅ ጽሑፍ፣ በራሳቸው ቃል፣ ደብተር ላይ ይጻፉት። እኔ አሳምሬ ጽፌ የሰጠኋቸው ወረቀት የትም ወድቆ ቀረ። እሳቸው "ሰማያዊዋን ንካ፣ ስሙን አንብብ፣ ከዛ እሺ" ብለው የጻፉት ግን እስካሁን ስልካቸው ሽፋን ውስጥ አለ።

ብሩ ላይ ስንመጣ

የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ስድስት አሃዝ ነው። አብዛኞቹ ልጃቸው የመረጠላቸውን ነው የሚይዙት፣ እሱም ወይ 123456 ነው ወይ የትውልድ ዘመን። አስቀይሯቸው፣ ራሳቸው ይምረጡ፣ ስትመረጥ እናንተ ፊታችሁን አዙሩ። ለእናንተም እንዳይነግሯችሁ ንገሯቸው፣ ይሄንን ከልጃቸው አፍ ሲሰሙት ነው ለሌላ ሰው እምቢ ማለት የሚቀላቸው። እንዴት ይያዙት? ለምሳሌ የድሮ ቀበሌ ቤት ቁጥራቸውን ማንም ሳያስታውሳቸው ያውቁታል፤ ከሱ ላይ እነሱ ብቻ የሚያውቁት ሁለት ቁጥር መጨመር ይቻላል። ወይም በልባቸው የያዟቸው የሦስት በዓላት ቀኖች ተደርድረው ስድስት አሃዝ ይሆናሉ። ሰፈር ሁሉ የሚያውቀው የማኅበራቸው ታቦት ቀን ግን አይሁን።

ከዚያ ልምምድ። እኔ ለእቴቴ 10 ብር እልካለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ። እንደገና። አንድ ከሰዓት ሙሉ አሥር ብሯ ስትመላለስ ዋለች። ትንሽ ብር መሆኑ ፍርሃቱን ያወጣዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሕግ አድርጉ፦ ከመላካቸው በፊት ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም ጮክ ብለው ያንብቡ። ቁጥር ቢሳሳቱ ስሙ ያጋልጣል። እቴቴ አንድ ቀን የዕድሩን ገንዘብ ያዥ ብለው የአንድ የማያውቁትን ሰው ስም አነበቡ፣ ቆም አሉ፣ "ይሄ ማነው?" አሉኝ። አንድ አሃዝ ነበር የተሳሳተው።

ስለ አጭበርባሪዎች ረጅም ንግግር አታድርጉ፤ ያስፈራል እንጂ አይጠቅምም። እኔ በጨዋታ ነው ያስለመድኳቸው። ወደ ሌላ ክፍል ገብቼ እደውልና "ከቴሌ ነው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን የመጣልዎትን ኮድ ያንብቡልኝ" እላለሁ። እሳቸው ስልኩን መዝጋት አለባቸው። መዝጋት ብቻ። መጀመሪያ ላይ "ሰው እየተናገረ መዝጋት ነውር ነው" ብለው አስቸገሩኝ፣ አስተዳደጋቸው እንዲያ ነው፣ አጭበርባሪዎቹም የሚጠቀሙት ይሄንኑ ጨዋነት ነው። ስለዚህ የሚሉትን ቃል ሰጠኋቸው፦ "ልጄን ልጠይቅና እደውላለሁ"። ይሄን ብሎ መዝጋት ነውር አይደለም። "በስህተት ብር ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ" የሚለውም አለ። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ 09 ወይም 07 ብሎ ከሚጀምር ተራ ቁጥር "ብር ገብቶልዎታል" የሚል ከመጣ ውሸት ነው። መልእክት ሳይሆን ሂሳባቸውን ከፍተው ቀሪውን ይዩ። የሆነ ነገር ካጠራጠራቸው ራሳቸው ወደ 127 ይደውሉ። የቴሌግራም ኮድም ያው ነው፣ ለማንም አይነበብም፣ የሚያውቁት ሰው ቢጠይቅ እንኳ፤ ምክንያቱም የዚያ ሰው ቴሌግራም ራሱ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል።

ፋይዳ ሲመዘገቡ

የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ፋይዳ ያልተጠየቀበት ቦታ እየጠፋ ነው። ምዝገባው ነጻ ነው። የአሥሩም ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ፎቶ ይወሰዳል። ብዙ ዓመት እንጀራ የጋገረችና ልብስ ያጠበች እናት ጣቷ ላይ ያለው መስመር ሊደበዝዝ ይችላል፣ ማሽኑ አላነብም ሲል ይደነግጣሉ፣ ያፍራሉም። ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ የእሳቸው ጥፋት አይደለም። ከመሄዳቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው ትንሽ ቅባት ነክተው በደንብ ይጥረጉት፣ የደረቀ ጣት ነው የበለጠ የሚያስቸግረው።

ግን ከሁሉ በላይ ልብ የምትሉት የሚመዘገበው ስልክ ቁጥር ነው። የራሳቸው ቁጥር ይሁን። ፋይዳን ተጠቅመው ማንነታቸውን በሚያረጋግጡበት ጊዜ የማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው በተመዘገበው ስልክ ላይ ነው። የአንዷ ጎረቤት ምዝገባ በልጃቸው ስልክ ነበር የተደረገው። እሳቸው ባንክ መስኮት ላይ ቆመው፣ ኮዱ ሐዋሳ ላለው ልጃቸው ሄደ፣ እሱ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበር። ሁለት ሰዓት ቆዩ።

ሌላው ስምና የትውልድ ቀን ነው። መዝጋቢው ከማጽደቁ በፊት ስክሪኑን አዙሮ ያሳያቸው። በላቲን ፊደል የተጻፈው ስም ከባንክ ደብተራቸው ጋር አንድ መሆኑን አስተያዩ። የትውልድ ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? ሰባት ስምንት ዓመት ነው የሚያዛባው፣ በጡረታ ጉዳይ ላይ ደግሞ ስምንት ዓመት ቀልድ አይደለም። በመልእክት የሚመጣው ልዩ ቁጥር 12 አሃዝ ነው፤ ለሁሉም ሰው የሚታይ ነገር አይደለም። ካርዱ ላይ ያለው ባለ 16 አሃዙ ነው ለሚጠይቅ አገልግሎት ሰጪ የሚሰጠው። ባለ 12 አሃዙን እኛ ደብተር ላይ ጽፈን ከቤት ወረቀቶች ጋር አስቀምጠነዋል።

ጉዳይ ለመጨረስ ስትሄዱም ያው ሕግ ነው። ሚያዝያ 2017 አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው መሶብ የተለያዩ የመንግሥት ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ያገኛችሁበታል፣ ከቢሮ ቢሮ መመላለሱ ለደከማቸው ሰዎች ትልቅ እረፍት ነው። አብራችሁ ሂዱ፣ ግን መስኮቱ ላይ እሳቸው ይናገሩ። ሠራተኛው ወደ እናንተ እያየ "ስማቸው ማነው?" ሲል ዝም በሉ። እሳቸው ይመልሳሉ።

የልጅ ልጁ ነገር

እቴቴ ጋ የሚውል የልጅ ልጅ አለ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። መጽሐፉ በፒዲኤፍ ስልኩ ውስጥ ነው፣ የቤት ሥራው በቴሌግራም ይመጣል። ድሮ እቴቴ ደብተሩን ሲያዩ እያጠና መሆኑን ያውቁ ነበር። አሁን ልጁ ስልክ ላይ ሲያፈጥ እያጠና ይሁን እየተጫወተ አይለዩም። ብዙ አያቶች በዚህ ምክንያት ወይ ስልኩን ይቀማሉ ወይ ጭራሽ ይተዉታል።

ለእሳቸው የነገርኳቸው እንዲህ ነው። ልጁ ቻትጂፒቲ የሚባለውን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጠይቆ ቢያጠና ክፉ አይደለም፣ ያልገባውን አሥር ጊዜ ሳይሰለች ያብራራለታል፣ በተለይ በሂሳብና በእንግሊዝኛ። ግን በልበ ሙሉነት ይሳሳታል፣ አማርኛው ይጎለድፋል፣ የአገራችንን ታሪክም ያደባልቃል። ስለዚህ ልጁ ሠራሁ ሲል እቴቴ ስልኩን ገልብጦ እንዲያስቀምጥና በቃሉ እንዲያስረዳቸው ይጠይቁት። ትምህርቱን ማወቅ የለባቸውም። ልጁ የገባው መሆኑን ከአነጋገሩ ያውቃሉ፣ እናት ይሄን ትለያለች። ያልገባውን ወደ መጽሐፉ ተመልሶ ያንብብ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። ልጁ እስከዚያ ቀን ማውዝ ጨብጦ የማያውቅ ከሆነ ጊዜው የሚያልቀው በጥያቄው ሳይሆን በማውዙ ነው። አራት ኪሎ ከፓርላማው ማዶ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከታህሳስ 2014 ጀምሮ ክፍት ነው፣ ኮምፒውተርም አለው፣ ከግንፍሌ በእግር የሚደረስ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ሄዶ በኮምፒውተር ጥያቄ ይሥራ። ከዚያ የሚተርፍ ጊዜ ካለው ሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ነጻ ነው፣ ፕሮግራሚንግና ዳታ ሳይንስ ያስተምራል፣ ሰርተፍኬትም ይሰጣል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለብቻው ከሚጀምር ከጓደኛው ጋር ቢሆን ይሻላል።

ኔትወርክ የጠፋ ቀን

ይጠፋል። መብራትም ይጠፋል። ስለዚህ ቦርሳቸው ውስጥ ጥሬ ብር አይጥፋ፣ የሚኒባስ ታክሲው ረዳት ዝርዝር ነው የሚጠይቃቸው። ክፍያ የመጨረሻው ቀን ላይ አይጠብቁ። "አልተሳካም" የሚል ከመጣ ወዲያው ደግመው አይላኩ፣ መጀመሪያ ቀሪ ሂሳባቸውን ይዩ፣ አንዳንዴ ብሩ ሄዷል ግን መልእክቱ ዘግይቷል። እናንተን፣ 127ንና የባንካቸውን ቁጥር በትልቁ ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉት፤ ስልክ ውስጥ ያለ ቁጥር ስልክ ሲጠፋ አይረዳም።

እቴቴ ባለፈው ወር የመብራቱን ራሳቸው ከፈሉ። እኔ መስኮት ጋ ቆሜ ነበር፣ ሩቅ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ውሃ እንጀምራለን። አራቱም የድሮ ቢላቸውን ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ። እናንተም ከመጀመራችሁ በፊት ቢሉ ላይ ያለውን የደንበኛ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ክበቡላቸው፤ እዚያ ወረቀት ላይ ብዙ ቁጥር አለ፣ የቆጣሪውን ንባብ እያስገቡ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።